ዱቄት

ቃስባ ቦይ ዳር፣ ሻርጃ፣ ከመግሪብ በኋላ፣
ውሃው የፎቆቹን መብራት ሲያላምጥ፣ ሲበላ፣
ሙንጂ የቱኒዚያው፣ አገጬን ቀና አድርጎ፣
እንደ ግድግዳ ይለቀልቀኛል፣ ላቤን በጨርቅ ጠርጎ።
«አትንቀሳቀሺ» ይላል። መች ተንቀሳቀስኩ!
ሰው ቤት ሰባት ዓመት ግድግዳ ሆኜ እንደኖርኩ
አያውቅም።

ሲቀባኝ ያወራል። ሁሌም ስለ አንድ ሰው፣
በጋዝ መብራት ዘመን፣ ሩዋን ስለነበረው፣
ስለ ሲልቬን ኩርቴ።
የዳቦ ጋጋሪ ልጅ፣ ምላሱ የተያዘ፣
«ሲ… ሲ… ሲ…» እያለ ስሙ ላይ የፈዘዘ።
አንድ ማታ፣ ዳቦ ተሸክሞ፣ ቲያትር ቤት አለፈ፤
በጓሮ በር ገብቶ፣ ገመድ ጠልፎት፣ መድረክ ላይ ተዘረገፈ።
ፊቱ ዱቄት ለብሷል። አዳራሹ ጸጥ አለ።
«ይቅርታ» ሊል ፈልጎ፣ ቃሉ አልወጣ እንዳለ፣
በእጁ አለው።
ሳቁ። ደግሞ አለው። አለቀሱ።
አርባ ዓመት አረፈች ያቺ የታሰረች ምላሱ።

«ገባሽ ወይ?» ይለኛል።
ገብቶኛል።

አጅማን፣ የሰው ቤት በገባሁ ማግስት፣
አንዲት «ነዓም» ብቻ ነበረች የያዝኳት።
የማዳም ጣት ወደ ላይ፦ ሻይ። ወደ ታች፦ መጥረጊያ።
እጇ እንደ ትራስ ጉንጯ ሥር፦ ሕፃኑን ማስተኚያ።
«ይመኙሻል» ብላት፣ አፏ አልቻለውም፤
«ሚና» አለችኝ። በኛ ቋንቋ ምን እንደሆነ አልነገርኳትም።
በሩ ከውጭ ሲቆለፍ፣ መስኮቱን በመዳፌ እየዳሰስኩ
ስንት ማታ የሰው መኪና ቆጠርኩ።

አሁንም እሱኑ ነው የምሠራው። መስታወት ግን የለም።
አየሩን ስገፋ፣ ጥግ ስፈልግ፣ ተደግፌ ስደክም፣
ሰው ይስቃል። ስልኩን ያነሣል።
«ልክ ያለ ይመስላል!» ይላል።

መጀመሪያ ቀን ሙንጂ «የት ተማርሽ?» ብሎኝ ነበር።
«አጅማን» አልኩት።
«እዚያ ትምህርት ቤት አለ እንዴ?»
«ቪላ ቁጥር አሥራ ሁለት።»
ስፖንጁን ውሃ ውስጥ ነክሮ ብዙ ጨመቀው።

የኩርቴን አሟሟት ትናንት ነው የነገረኝ።
የአርባ ዓመት ዱቄት ሳንባው ውስጥ ተጋግሮ፣
በመጨረሻዋ ምሽት፣ ጨዋታው መሀል፣ ችሎ ችሎ ኖሮ፣
ሳለ።
ሕዝቡ ድምፁን አንድም ቀን አልሰማምና
ተነሥቶ አጨበጨበ፣ «ተናገረ!» አለና።
ሰውየው እጅ ነሣ። እንዳጎነበሰ ቀረ፣
ይላል ሙንጂ። እውነት ይሁን አይሁን፣ ማን መረመረ፤
ሙንጂ ወሬ ያሳምራል፣ ቀለሙም እስኪደርቅ ጊዜ አለ።

ዛሬ ወበቁ ከባድ ነው። ከአፍንጫዬ ሥር ቀለሙ ፈሰሰ፤
አንድ ጠይም መስመር፣ እንደ ውሃ ልክ፣ ከንፈሬ ደረሰ።
አንዲት ሴት ቆማለች። ጋሪ ይዛለች፣ ጋሪው ውስጥ የሰው ልጅ፤
ሁሉም ፊቴን ያያል፤ እሷ የምታየው እጅ።
አንጓዬ ላይ፣ ጓንቱ ሳይደርስበት፣
የሐረግ ንቅሳት አለ፤ አክስቴ በመርፌ የወጋችበት።
ቅንድቧን አነሣች። ጥያቄ ነው።
ቅንድብ በኛ ሀገር ብዙ ነገር ነው።

መናገር ክልክል ነው። ራስ መነቅነቅም፤ መስታወት ውስጥ ነኝ።
ምን አለ የቀረኝ?
ትንፋሼን ወደ ውስጥ ሳብኩት። አንዴ። አጭር። እንደ ሕቅታ።
ፊደል የለውም። ሲጻፍ አላየሁም።
አባቴ ዕቁብ ደረሰህ ወይ ሲሉት እንዲህ ነበር የሚለው፤
እናቴም፣ ልጅሽን ፈቀድሽ ወይ፣ ትሂድ ወይ ሲሏት።

ሙንጂ አልሰማም። ሙዚቃው አለ።
እሷ ሰማች። እሷም ሳበች።
ከዚያ ጋሪዋን ገፍታ ሄደች።
አንዱ ጎማው ይጮሃል፤
እስከ ድልድዩ ድረስ ሰማሁት።